ጋሼ ሙሄ፣ መታወቂያ የሌለው ሾፌራችን

ስልኩ የተደወለልኝ ኮምቦልቻ፣ አንድ ካፌ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ሳስጠርግ ነው። ሐያት ነበረች። ሐያት ስትደውል ሰላምታ ሳታስጨርስ ወደ ጉዳይዋ የምትገባ ልጅ ናት። የዚያን ዕለት ግን «ታዴ ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ሥራ ደህና?» እያለች ስታረዝምብኝ መርዶ እንደሆነ ገባኝ።

«ማን ነው?» አልኳት።

«ጋሼ ሙሄ» አለች። «ሱብሂ ሰግዶ ጋደም እንዳለ በዚያው አኼራ ሄደ። ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በፊት ይቀበራል። ትደርስ እንደሆነ ብዬ ነው።»

አንዱ ጫማዬ ተቦርሾ አንዱ እንደቆሸሸ ተነሥቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ከሚሴ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘሁና ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ስልክ ያወራል። ከመንገድ ዳር የቆሙ ሽማግሌ እጃቸውን ሲያነሡለት እንኳ ዞሮ አላያቸውም። ጋሼ ሙሄ ቢሆን ኖሮ መኪናውን አቁሞ የልጅ ልጆቻቸውን ደህንነት ሳይቀር ጠይቆ ነበር የሚያልፈው። እስከ ከሚሴ ድረስ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ሐያት ከሚሴ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች እየዞርን ሰው እንመዘግብ ነበር። ሕዝቡ ፋይዳ የሚለውን ዲጂታል መታወቂያ ማለቴ ነው፤ የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ተወስዶ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር የሚሰጥበት። ዕቃችን ሁለት ጥቁር ሻንጣና አንዲት ትንሽ ጄኔሬተር ናት። ዕቃውንም እኛንም የሚያመላልሰው በኪራይ የተያዘ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው፤ ሾፌሩ ጋሼ ሙሄ።

ረጅም፣ ከትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ጢሙ ሸብቶ ቅንድቡ ግን እንደ ወጣት የጠቆረ ሰው ነበር። የከሚሴ ልጅ ነው። በአማርኛ የጀመረውን በኦሮምኛ ይጨርሰዋል፤ በኦሮምኛ የጀመረውን ቁጣ በአማርኛ ሳቅ ይዘጋዋል። ዕድሜውን ሙሉ በሚኒባስም በአይሱዙም ከባቲ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲመላለስ ስለኖረ የማያውቀው ሰው የለም። ጡሩንባ የሚነፋው ሰው ከመንገድ ለማስነሣት ሳይሆን ሰላም ለማለት ነው። ከብቶች መንገድ ከዘጉ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል፤ «ሸለቆው የነሱ ነው፤ እኛ ኋላ ነው የመጣን» ይላል። እኛ ረፍዶብን ስንቁነጠነጥ እሱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ከእረኛው ጋር ስለ ሣሩ ያወጋል።

ወሬም ይሁን መመሪያ ሲነግሩት መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ኤኙቱ ጄዴ?» ነው፤ ማን አለ? ማለቱ ነው። «ጋሼ፣ ዛሬ ዝናብ ሊጥል ነው» ስትለው ሐያት፣ ሰማዩ ጠቁሮ እያየ፣ «ኤኙቱ ጄዴ?» ይላታል። እሷ ትናደዳለች፤ እሱ ይስቃል።

ሥራችን ላይ ግን ከሁለታችንም ይልቅ የጠቀመው እሱ ነበር። አንዳንድ ቀበሌ ስንደርስ ወሬ ቀድሞን ይጠብቀናል። ዓይን የሚያነሣው መሣሪያ ብርሃን ያጠፋል ይባላል፤ ሴቶችን ሂጃብ ያስወልቃሉ ይባላል። ጋሼ ሙሄ ሸራውን ወጥሮ፣ ጄኔሬተሩን አስነሥቶ ሲያበቃ ሰዉ መሐል ገብቶ ይቀመጣል።

«ዓይን ያጠፋል ያለው ማን ነው?» ይላል።

«ሰው ነዋ፣ ሙሄ።»

«ኤኙቱ ጄዴ? ስሙን ንገሩኝ!» ብሎ መልሱን ሳይጠብቅ ተነሥቶ መሣሪያውን ዓይኑ ላይ ይደግንና ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «ይኸው፣ አንቺ ፋጡማ ነሽ፣ አንተ ደግሞ ብድሬን ሳትመልስ የጠፋህ አሊ ነህ። ጠፋ ዓይኔ?» ይላል። ሰዉ ሲስቅ ሰልፉ ይጀመራል። እኔም ሐያትም ይህን ሰው ድሮ የተመዘገበ ነበር የሚመስለን።

አንድ ቀን ከቢሮ፣ ከቡድኑ ጋር የሚሠራ ሁሉ የፋይዳ ቁጥሩን ያስገባ ተባለ። ወደ ጨፋ እየወረድን ሐያት ከኋላ ወንበር ሆና፣ «ጋሼ፣ ቁጥርህን ንገረኝ» አለችው።

«የምን ቁጥር?»

«የፋይዳህን ነዋ።»

«የለኝም።»

የቀለደ መስሎን ሳቅን። እሱ አልሳቀም። «መንጃ ፈቃድ አለኝ። መኪና መንዳት እንደምችል ይናገራል። ከዚያ የተረፈውን፣ ማን እንደሆንኩ፣ እኔው እናገራለሁ» አለ።

ሐያት ወንበሯ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች። «ታዲያ ሰዉን ተመዝገቡ እያልክ የምትሰብከው ምን ሆነህ ነው?»

«ሰብኬ አላውቅም። የፈለገ ይመዝገብ፣ ያልፈለገ ይተው። በወሬ ተደናግጦ እንዳይቀር ብቻ ነው የምለፋው።»

ለምን እንደማይፈልግ የነገረን ያን ዕለት ነው። ከቦርከና ወንዝ ዳር፣ ከግራሩ ሥር መኪናውን አቁሞ ምሳ ስንበላ፣ ሐያት አላስቀምጥ ስትለው እጁን አራግፎ ጀመረ።

ሚኒባስ በሚነዳበት ዘመን አንድ ሰው ፍራሽ ገዝቶ፣ ፍራሹን ጣሪያ ላይ አስጭኖ፣ ከጎኑ ጋቢና ተቀመጠ። ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር አለ። ልጁ ልትዳር ነው፤ ፍራሹም ለሷ ነው። መንገድ ላይ ብርቱካን ልጦ ግማሹን ለጋሼ ሙሄ ሰጠው። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ፣ ቦታውን አልነገረንም፣ የታጠቁ ሰዎች መኪናውን አስቆሙ። ከተሳፋሪው ሁሉ መታወቂያ ሰበሰቡ። ያኔ በወረቀቱ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበረ።

«ስሙን እንኳ አላነበቡትም» አለ ጋሼ ሙሄ። «ጣታቸው ቀጥ ብሎ እዚያች መስመር ላይ ነው ያረፈው። ና ውረድ አሉት። ወረደ። እኔም አብሬ ወረድኩ። ‹ይህ የኔ ተሳፋሪ ነው፤ እስከሚወርድበት አደራዬ ነው› አልኳቸው። ጠብመንጃ ደረቴ ላይ ደገኑብኝ። ሌላው ተሳፋሪ ልጅ የያዘ ነው፣ ሴት ነው፤ ያለቅሳል። ነዳሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከሚሴ ደርሼ ሳወርድ ፍራሹ ጣሪያ ላይ ነው። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ የለም። ያየ የለም፣ የሰማ የለም። ፍራሹን ቤቴ አስገባሁት። ባለቤቱ ይመጣል እያልኩ ስንት ክረምት አሳለፍኩ፤ ልጆቼን እንኳ አላስተኛሁበትም። የኔን መታወቂያ ግን ያን ሳምንት ከዚህ ወንዝ ወረወርኩት።»

ወንዙ ከታች ይሄዳል። ቆይታ ሐያት ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ አዲሱ እኮ ብሔር አይጠይቅም። ሃይማኖትም አይጠይቅም» አለችው።

«ስምስ አይጠይቅም? ሐያት ብሎ ጽፎ፣ ታደለ ብሎ ጽፎ፣ የቀረውን ማወቅ ለማን ያቅተዋል?»

ሐያት መሸነፍ አትወድም። «እሺ፣ ያ ሰውዬ ማን ይባል ነበር?» አለችው።

«አላውቀውም። አልጠየቅሁትም።»

«ቤቱስ?»

«አላውቅም።»

«አየህ፣ አንድ ቦታ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ልጁን ፈልገህ ፍራሿን ታደርስላት ነበር።»

ይህን ያለችው ልታሸንፈው ፈልጋ እንጂ ልታስከፋው አልነበረም። እሱ ግን የያዘውን ቁራሽ መልሶ አስቀመጠውና ወንዙን ሲያይ ቆየ። ያን ቀን እስክንመለስ «ኤኙቱ ጄዴ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ሐያት ከመኪናው ስትወርድ «አፉ በለኝ ጋሼ» አለችው። «ምን አደረግሽኝ? እውነት ነው የተናገርሽው። እኔም እውነቴን ነው» አላት።

ሁለት እውነት ይዘን ሥራችንን ቀጠልን።

ጨፋ ሮቢት የገበያ ቀን ነበር። ከገበያው አጠገብ አንድ አዳራሽ ተሰጥቶን ከጧት ጀምሮ ስንመዘግብ ሰልፉ አላልቅ አለ። እኩለ ቀን ላይ አንዲት አሮጊት ከፊቴ ተቀመጡ። ከዲጃ እባላለሁ አሉ። ከሌላ ቀበሌ ተፈናቅለው መጥተው ከሩቅ ዘመድ ቤት የተጠጉ ናቸው። ቤታቸው ሲቃጠል የነበራቸው ወረቀት ሁሉ አብሮ ተቃጥሏል።

«እማማ፣ መታወቂያው ለምን ጉዳይ ነው የፈለጉት?» አልኳቸው፤ ወሬ ለማስጀመር ያህል።

«ለስልክ ነው ልጄ። ለስልኬ ቁጥር።»

ልጃቸው ጀማል በባቲ በኩል ወደ አፋር ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ ከሄደ ቆይቷል። አንዳንዴ ከማያውቁት ቁጥር ይደውል ነበር፤ ልጁ በቃሉ የሚያውቀው የሳቸውን ቁጥር ብቻ ነው። ከቤታቸው ሲሸሹ ስልኩ ጠፋ። ያንኑ ቁጥር መልሰው ለማውጣት ሲሄዱ መታወቂያ አምጪ ተባሉ። «ልጄ እየደወለ ነው» አሉኝ፣ «እየደወለ እንደሆነ አውቃለሁ። የሚያነሣለት ነው የሌለው።»

ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር ይመዘገባል። ምስክሩ ግን ራሱ ተመዝግቦ ቁጥር ያለው፣ ሰውየውን በደንብ የሚያውቅ መሆን አለበት። የተጠጉባቸው ዘመድ አልተመዘገቡም፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ከመጡ ወዲህ እንጂ በፊት አያውቃቸውም። ወደ ሰልፉ ዞሬ «እማማ ከዲጃን የሚያውቅ አለ?» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

ጋሼ ሙሄ ውጭ የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ነበር። ጩኸቴን ሰምቶ እጁ በዘይት እንደጠቆረ በሩ ላይ ቆመ።

«ከዲጃ? የጥንቅሿ ከዲጃ?»

እሳቸው ዞረው አዩት፤ ተነሡ። «ሙሄ!» ብለው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። ከድልድይ ማዶ መንገድ ዳር ጥንቅሽና እሸት በቆሎ ይሸጡ ነበርና እሱ ለዓመታት ሚኒባሱን እሳቸው ዘንድ ሳያቆም አልፎ አያውቅም።

«ነን ቤካ!» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። «አውቃታለሁ! ምን ምስክር ትፈልጋለህ? እኔን ጻፈኝ!»

ሐያት ከጎኔ አንገቷን ደፋች። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ቁጥር የለህም።»

«እኔ ሙሄ ነኝ! ይህ ገበያ ሙሉ ያውቀኛል።»

«ገበያውማ ያውቅሃል። ሲስተሙ ነው የማያውቅህ።»

እትዬ ከዲጃ አንዴ እሱን አንዴ እኛን ያያሉ። ጋሼ ሙሄ ወጣ። በመስኮት ሳየው ከመኪናው ጎን ቁጢጥ ብሎ ከጄሪካኑ ውኃ እያንጠባጠበ በሳሙና እጁን ይታጠባል፤ ከክርኑ ጀምሮ፣ በየጣቶቹ መሐል፣ ለሶላት እንደሚሰናዳ ሰው ቀስ ብሎ። ቶሎ የሚጨርስ አልመሰለኝም። ከዚያ ገባና እትዬ ከዲጃ የተነሡበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አንቺ ልጅ» አላት ሐያትን፣ «ከየትኛው ጣት ነው የሚጀመረው?»

ስንቱን ሽማግሌ «አራቱን ጣትህን እዚህ፣ አውራ ጣትህን እዚያ» እያለ ያስመዘገበ ሰው ነው ይህን የጠየቀን። ሐያት አልሳቀችበትም። እጁን ይዛ አስቀመጠችለት።

ቁጥሩ ወዲያው አይመጣም፤ በስልክ መልእክት እስኪደርሰው መጠበቅ ነበረበት። እትዬ ከዲጃን «ቤትሽ ሁኚ፣ እመጣለሁ» ብሏቸው ተለያየን። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ስልኩን ከእጁ አላወረደም። መልእክቱ የገባ ዕለት የዕረፍት ቀናችን ቢሆንም ሁለታችንንም ከቤት ቀስቅሶ፣ ቢሮውን አስፈቅዶ፣ ወደ ጨፋ ሮቢት ይዞን ወረደ።

እንደ ደንቡ ለምስክር የሚነበበውን አነበብኩለት። «እኚህን ሴት በሚገባ እንደሚያውቋቸው በኃላፊነት ያረጋግጣሉ?»

«አረጋግጣለሁ» አለ። «ባሏ ሰይድ ይባላል፤ አላህ ይማረው፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ልጇ ጀማል ይባላል፤ ግራ እጁ ነው የሚቀናው። መኪናዬ ተበላሽቶ ተሳፋሪ ፀሐይ ላይ የዋለ ጊዜ እንስራዋን ሙሉ ውኃ አምጥታ ለሁሉም አጠጥታለች፤ ሳንቲምም አልተቀበለች...»

«ጋሼ» አለችው ሐያት፣ «አዎ ብቻ ብትል ይበቃል።»

«ለናንተ ይበቃል። ለሷ ግን አይበቃም» አለና እስኪጨርስ ተናገረ። እትዬ ከዲጃ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ያዳምጡት ነበር።

ሐያት የጋሼ ሙሄን ካርድ በገዛ ገንዘቧ አሳትማ አመጣችለት። አመስግኗት ቤቱ ወስዶ ሚስቱ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። በኪሱ ይዞት አያውቅም።

«ለምን አትይዘውም ታዲያ?» ብላ ተቆጣችው።

«የተመዘገብኩት ለሰው ልመሰክር ነው። መንገድ ላይ ለቆመ ሁሉ እያወጣሁ ላሳይ አይደለም።»

«ሕግ አስከባሪ ቢጠይቅህስ?»

«መንጃ ፈቃዴን አሳየዋለሁ። ሌላ ከፈለገ ቁጭ ብለን እናወራለን።»

ይህ ክርክር እስከ መጨረሻው አልተቋጨም። ሐያት ካርዱን ሁሌ በአንገቷ አንጠልጥላ ትሄዳለች፤ እሱ ያያትና ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ከሁለቱ ማንኛው ትክክል እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ኬላ ላይ ስንቆም የሐያት ትክክል ይመስለኛል፤ ያ የፍራሹ ባለቤት ትዝ ሲለኝ ደግሞ የሱ።

ከዚያ ወዲህ ግን ወረቀት የሌለው ሰው በመጣ ቁጥር ከመኪናው የምንጠራው እሱን ሆነ። ያወቀውን «ነን ቤካ» ይልና ካባትየው ጀምሮ ይተርካል፤ ያላወቀውን «አላውቀውም» ይላል። አንድ ባለሀብት ነጋዴ የወንድሙን ልጅ ዕድሜ ቀይሮ ሊያስመዘግብ ፈልጎ፣ «ሙሄ፣ እንተዋወቅ የለም እንዴ?» ሲለው፣ «አንተን አውቅሃለሁ። ልጁንም ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አሥር ዓመት ሲቀነስለት ግን አልመሰክርም» ብሎ መልሶታል። ነጋዴው ኪራዩን አስቀርብሃለሁ ብሎ ዛተ፤ ጋሼ ሙሄ ጄኔሬተሩን ነዳጅ ሊሞላ ሄደ።

አዝመራው ሊደርስ ሲል በጨፋ ሮቢት ስናልፍ፣ ከማሽላው መሐል አንዲት ሴት ነጠላዋን እያውለበለበች ወደ መንገዱ ወጣች። እትዬ ከዲጃ ናቸው። ጋሼ ሙሄ ፍሬን ያዘ።

«ደወለ!» አሉ፣ መስኮቱን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ጀማል ደወለ!»

«አልሃምዱሊላህ! ምን አለሽ?»

«ስልክሽ ዝግ ነው ሲሉት ሞታለች ብሎ የሙት ሶላት ሰግዶብኛል! ‹እማ፣ አንቺ ነሽ?› አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። አላመነኝም። ደላሎች በእናት ድምፅ ያታልላሉ አሉ። ‹እናቴ መሆንሽን በምን ልወቅ?› ብሎ ጠየቀኝ፤ ልጄ፣ እኔን!»

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«በልጅነትህ በግራ እጅህ ስትበላ ስመታህ፣ እልህ ይዞህ ሳትበላ ውለህ፣ ማታ ተደብቀህ የጎረቤት ሽሮ ስትልስ የያዝኩህ እኔ አይደለሁም ወይ? አልኩት። ያኔ አለቀሰ።»

ጋሼ ሙሄ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ቀና ሲል ግን ጢሙ ርሶ ነበር። «ሐያት» አላት በመስታወት እያያት፣ «የጀማል ሲስተም ከናንተው ይበልጣል፤ ወላሂ ይበልጣል።» ሐያት እንባዋን እየጠረገች «እሺ፣ እሱን አመንኩልህ» አለችው።

ከሚሴ ስደርስ ጀናዛው ከቤት ወጥቶ ነበር። እንዲያ ያለ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ከባቲ የመጣ አለ፣ ከጨፋ የመጣ አለ፤ መስቀል በአንገቱ ያሰረ አለ፣ ኮፍያ ያጠለቀ አለ። መኪኖች ከአስፋልቱ ዳር ተደርድረው ቆመዋል። ሐያትና እትዬ ከዲጃ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀርተዋል። እኔ ሶላቱ እስኪያልቅ ከክርስቲያኖቹ ጋር ዳር ቆሜ ቆየሁ፤ ከዚያ አብሬ ወደ ቀብሩ ሄድኩ።

አስከሬኑ ከጉድጓዱ ከገባ በኋላ ሼሁ ከራስጌው ቆመው በኦሮምኛም በአማርኛም ጠየቁ።

«ጀመዓ፣ ይህን ወንድማችሁን ታውቁታላችሁ ወይ? በምን ታውቁታላችሁ?»

«ኒ ቤክና!» አለ ከፊት የቆመው። «እናውቀዋለን! በኸይር፣ በበጎ ነው የምናውቀው!» አለ ከኋላ ያለው። እንዲህ ተብሎ ያበቃል ብዬ ነበር፤ አላበቃም። አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ምጥ የያዛትን ምራቴን ዝናብ መንገድ በቆረጠበት ቀን ሐኪም ቤት ያደረሰልኝ እሱ ነው» አሉ። አንድ ቄስ «ከቦርከና ሙላት ያወጣኝ እሱ ነው» አሉ። አንዱ ስለ ታሰረ ወንድሙ፣ አንዱ ስለ ጠፋች ላሙ ተናገረ። እኔም አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም፣ «እኔም አውቀዋለሁ» አልኩ።

ፀሐዩ ወደ ሸለቆው ማዘንበል ጀመረ። የሚናገረው ሰው ግን አላለቀም። በመጨረሻ ሼሁ እጃቸውን አነሡ።

«ይበቃል ጀመዓ፤ አላህ ሰምቷል። አፈሩን መልሱ።»

አካፋው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እኔም ወረፋ ያዝኩ።